ስለ 194,313 ቁጥር የተደረገ ንግግር
(በሚዛን ተፈሪ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ በሒሳብ ተማሪዎች ስም የተነበበ)




ዛሬ እንድንናገር የተፈቀደልን ስለ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ 194,313 ነው። ሲያዩት ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለበትም፤ ከሎተሪ ቲኬት ላይ የተነበበ ይመስላል። እኛ ግን ያገኘነው በዕድል ሳይሆን በኀፍረት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ኀፍረታችንን እንነግራችኋለን፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሒሳቡ እንገባለን።

ከመካከላችን አንዲቱ በዕረፍት ጊዜ አያቷን መታወቂያ ልታስወጣላቸው ይዛቸው ሄደች። አያቲቱ የሚኖሩት ከሚዛን ወደ በበቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ቡና ሲለቅሙና ሲያሰጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ጸሐፊው፣ «እማማ፣ መቼ ተወለዱ?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ሳያመነቱ፣ «አባቴ እንደ ነገረኝ በዘመነ ማርቆስ፣ በኅዳር፣ ቡና ሲለቀም ነው። የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ ሐሙስ ውሎ ነበር። አበቅቴውም ዐሥራ አራት» ብለው መለሱ። ጸሐፊው ፊታቸውን አየት አደረገና 1950 ብሎ ጻፈ። ሰልፉ ረጅም ነበረ፤ በእሱ አንፈርድም። የልጅ ልጃቸውም ዝም አለች። ዝም ያለችው ግን አፍራ ሳይሆን መልሱን ስለማታውቅ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ አያቲቱ፣ «ልጄ፣ የእሱስ አይደንቀኝም። አንቺ ግን ሒሳብ ነው የምማረው ትዪ አልነበረምን?» አሏት።

ይህ ወሬ በመኝታ ቤታችን በተነገረ ጊዜ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን፣ «ይህ በቃል የሚያዝ የደብተራ ነገር ነው እንጂ ሒሳብ አይደለም፤ ትተነው ትምህርታችንን እንቀጥል» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ፣ «የእኛ ዘመን አቆጣጠር አንዲት ደቂቃ እንኳ ስሕተት የለበትም፤ ዓለም ሁሉ ከእኛ ነው የተማረው» ሲል ጮኸ። እስከ እኩለ ሌሊት ሁለቱም ብዙ ተናገሩ። እርሳስ ያነሣ ግን አንድም አልነበረም። በማግሥቱ እርሳስ ያነሣን ጥቂቶች ነን ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው። ሁለቱም ወገኖች እንደ ተሳሳቱ እናሳያችኋለን።

ነገሩን ከምናውቀው ገበያ እንጀምረው። በአገራችን የቡና ዋጋ የሚነገረው በፈረሱላ ነው፤ ፈረሱላም 17 ኪሎ ነው። ወደ ውጭ የሚላከው ቡና ግን በ60 ኪሎ ጆንያ ይሞላል። አንድ ሰው በፈረሱላ፣ ሌላው በጆንያ እየቆጠሩ ቢሄዱ፣ ያለ ትርፍና ያለ ጉድለት የሚገናኙት በስንት ኪሎ ላይ ነው? 17 ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር ነው፤ 60ንም አያካፍልም። ስለዚህ ከ17 ጊዜ 60፣ ማለት ከ1,020 ኪሎ በፊት መገናኘት አይችሉም። በዚያ ላይ 60ው ፈረሱላ ልክ 17 ጆንያ ይሆናል። ፈረሱላ 15 ኪሎ ቢሆን ኖሮ ግን ገና በመጀመሪያው ጆንያ ላይ በተገናኙ ነበር።

ከዚህ የምንይዘው ደንብ አንድ ነው። የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች ዘግይተው ይገናኛሉ፤ የሚገናኙትም በብዜታቸው ላይ ነው። ዘግይተው በመገናኘታቸው ደግሞ ትልቅ ጥቅም ይገኛል። እስኪገናኙ ድረስ ባለው መንገድ ላይ፣ በሁለቱ ስናካፍል የምናገኛቸው ሁለት ቀሪዎች በአንድነት ዳግመኛ አይደገሙም። ሁለቱን ቀሪዎች የነገረን ሰው ቦታውን ነገረን ማለት ነው። በቻይና ይህ ነገር በሱን ዙ የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ከ1,500 ዓመት በፊት ተጽፎ ይገኛል፤ እኛም በመማሪያ መጻሕፍታችን «የቻይና ቀሪዎች ደንብ» እያልን ተምረነዋል። አያቲቱ ለጸሐፊው የሰጡት ይህንኑ ነው፤ እኛ ግን አላወቅነውም።

አሁን ሦስቱን ምልክቶች አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው ወንጌላዊው ነው። ዓመታችን 365 ቀን ሆኖ በየ4 ዓመቱ አንድ ጊዜ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። በባሕረ ሐሳብ ደንብ 5500ን በዓመተ ምሕረቱ ላይ ደምረን ዓመተ ዓለሙን እናገኛለን፤ ይህንንም ለ4 እናካፍላለን። 1 ሲቀር ማቴዎስ፣ 2 ሲቀር ማርቆስ፣ 3 ሲቀር ሉቃስ፣ ምንም ሳይቀር ዮሐንስ ነው። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው።

ሁለተኛው እንቁጣጣሽ የዋለበት ቀን ነው። 365 ቀን ማለት 52 ሳምንትና አንድ ቀን ስለ ሆነ እንቁጣጣሽ በየዓመቱ አንድ ቀን ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከሉቃስ በኋላ ግን ሁለት ቀን ይሄዳል። ስለዚህ ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍለን ያገኘነውን ድርሻ፣ ሊቃውንቱ መጠነ ራብዒት የሚሉትን፣ በዓመተ ዓለሙ ላይ እንደምራለን፤ ድምሩንም ለ7 እናካፍላለን። 1 ቢቀር ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ባይቀር ሰኞ ነው።

ሦስተኛው አበቅቴ ነው። 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ያህል ናቸው፤ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ይጎድላቸዋል። ይህ ጉድለት በየዓመቱ እየተጠራቀመ 30 ሲሞላ እንደ አንድ ወር ይጣላል። በ19 ዓመት ውስጥ ጨረቃ 235 ጊዜ ያህል ስለምትታደስ ከ19 ዓመት በኋላ ሁሉም ወደ መነሻው ይመለሳል። አሠራሩም ዓመተ ዓለሙን ለ19 አካፍሎ ከቀሪው 1 መቀነስ ነው፤ ይህም ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝተው 30 30ውን ሲጥሉ የሚቀረው አበቅቴ ነው። በ19 አባዝተው 30 30ውን ቢጥሉ ደግሞ መጥቅዕ ይወጣል። ሕፃናት የቆሎ ተማሪዎች «አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ 30 ናቸው» እያሉ በቃላቸው ይይዛሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። 11 እና 19 ራሳቸው ተደምረው 30 ናቸው፤ ስለዚህ ወንበሩ ምንም ይሁን ምን የሁለቱ ብዜቶች ድምር የ30 ብዜት ይሆናል።

እንግዲህ ወደ አያቲቱ እንመለስ። በመጀመሪያ የጸሐፊውን 1950 እንፈትን። ዓመተ ዓለሙ 7450 ነው። ለ4 ሲካፈል 1862 ደርሶ 2 ይቀራል፤ በእውነትም ዘመነ ማርቆስ ነው። 7450 እና 1862 ሲደመሩ 9312 ይሆናሉ፤ ለ7 ሲካፈል 2 ይቀራል። ስለዚህ የ1950 እንቁጣጣሽ የዋለው ረቡዕ እንጂ ሐሙስ አይደለም። ግምቱ በአንዱ በር ገብቶ በሁለተኛው በር ተመለሰ ማለት ነው።

ታዲያ ትክክለኛው የትኛው ነው? ዓመቱ ማርቆስ ስለ ሆነ ከአንድ ቁጥር 4 እጥፍ በ2 ይበልጣል። ያ ቁጥር ራሱ መጠነ ራብዒቱ ነው። ስለዚህ የሁለቱ ድምር የመጠነ ራብዒቱ 5 እጥፍና 2 ነው፤ ይህም ለ7 ሲካፈል 3 መቅረት አለበት። 5 እጥፉ ብቻውን 1 እንዲተርፈው የሚያደርገው ቁጥር 3 ነው፤ 5 ጊዜ 3 ዐሥራ አምስት ሆኖ ከሁለት ሳምንት 1 ይተርፈዋልና። 4 ጊዜ 3 ሲደመር 2 ደግሞ 14 ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ዓመት ለ28 ሲካፈል 14 የሚቀረው ነው።

ሊቃውንቱ ይህን 28 ዓመት ዐውደ ፀሐይ ይሉታል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ያሉት ዓመታት 1934፣ 1962፣ 1990 እና 2018 ናቸው። የአያቲቱ የበኩር ልጅ በ1966 አብዮት ሲፈነዳ እግረኛ ሕፃን ነበረ። እንግዲህ 1962 አይሆንም፤ 1906ም እንዳንል 112 ዓመት ሊሆናቸው ነው። ሳቅ እያልን 1934 ላይ ቆምን። አንዱ ጓደኛችን ግን፣ «በፊታቸውና በልጃቸው ዕድሜ ከገመትን ከጸሐፊው በምን ተሻልን? ሦስተኛው ምልክት ምን ሊሠራ ተሰጠን?» አለ። እውነቱን ነው።

ሦስተኛው ምልክት አበቅቴ 14 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ፣ 30 30ው ተጥሎ፣ 14 የቀረው ወንበሩ ስንት ቢሆን ነው? እዚህ ላይ 11 አንድ ደግ ጠባይ አለው። 11 ጊዜ 11 መቶ ሃያ አንድ ነው፤ 30 30ው ሲጣል 1 ይቀራል። ስለዚህ በ11 ማባዛት የተቋጠረውን ደግሞ በ11 በማባዛት መፍታት ይቻላል። 14 ጊዜ 11 መቶ ሃምሳ አራት ነው፤ 150ው ሲጣል 4 ይቀራል። ወንበሩ 4 ነው። እንግዲህ ዓመተ ዓለሙ ለ19 ሲካፈል የሚቀረው 5 ነው።

አሁን ለ28 ሲካፈል 14፣ ለ19 ሲካፈል 5 የሚቀረውን ዓመት መፈለግ ነው። ከ14 ተነሥተን 28 እየጨመርን በ19 ስናካፍል ቀሪዎቹ እንዲህ ይሄዳሉ፦ 14፣ 4፣ 13፣ 3፣ 12፣ 2፣ 11፣ 1፣ 10፣ 0፣ 9፣ 18፣ 8፣ 17፣ 7፣ 16፣ 6፣ 15፣ 5። ከ0 እስከ 18 ያሉት 19ኙም ቀሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ወጡ፤ የእኛው 5 ግን ከሁሉ በኋላ መጣ። ቦታው 518ኛው ዓመት ነው። ከዚህ በኋላ 28 ብንጨምር ሁሉም እንደ ገና ከ14 ይጀምራል፤ ዙሩ 28 ጊዜ 19፣ ማለት 532 ዓመት ነውና። 13 ሙሉ ዙር 6916 ዓመት ነው፤ በዚህ ላይ 518 ሲጨመር 7434 ይሆናል። 5500ው ሲቀነስ 1934 ዓመተ ምሕረት ይወጣል።

እነዚህን ሦስት ምልክቶች የያዘ ሌላ ዓመት ወደ ኋላ 1402፣ ወደ ፊት 2466 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 1934 ብቻ ነው። እንግዲህ ፊት ማየት አላስፈለገንም። አያቲቱ የተወለዱት በጎንደር የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን በሰጠበት ኅዳር ነው። በ2018 ኅዳር 84 ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ወረቀቱ ግን 68 ይላቸዋል። 16 ዓመት ከአንድ ሰው ዕድሜ ላይ በአንድ የብዕር ጭረት ተወሰደ። አባታቸው ለልጃቸው በሦስት ቃል ያወረሱት ቀን 532 ዓመት ሙሉ የማይሳሳት አድራሻ ነበረ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ቁጥር ደረስን። በ532 ዓመት ውስጥ ስንት ቀን አለ? ይህን ለማወቅ 532ን በ365 ማባዛት ያስፈልጋል። የውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» እያሉ የሚጠሩት አንድ ስልት አለ፤ የጥንት ግብፃውያን ጸሐፍትም እንደዚሁ እጥፍ እያደረጉ ያባዙ ነበር። በግራ ያለውን እየከፈሉ ትርፉን መጣል፣ በቀኝ ያለውን እጥፍ ማድረግ፣ በመጨረሻም በግራ ጎዶሎ ቁጥር ያለባቸውን ረድፎች ብቻ መደመር ነው።

532 — 365
266 — 730
133 — 1,460
66 — 2,920
33 — 5,840
16 — 11,680
8 — 23,360
4 — 46,720
2 — 93,440
1 — 186,880

በግራ ጎዶሎ ያለባቸው 133፣ 33 እና 1 ናቸው። 1,460 እና 5,840 እና 186,880 ሲደመሩ 194,180 ይሆናሉ። በ532 ዓመት ውስጥ 133 ጊዜ ሉቃስ ስላለ በዚህ ላይ 133 ቀን እንጨምራለን። ድምሩ 194,313 ነው።

ይህን ቁጥር ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ብንፈታው 3 ጊዜ 7 ጊዜ 19 ጊዜ 487 ይሆናል። ባለ 16 አካፋይ ቁጥር ነው። ከአካፋዮቹ መካከል አንዳንዶቹ ለዘመን ቆጣሪ ሰው የታወቁ ናቸው። 3 ጊዜ 487 የሚሆነው 1,461 የአራቱ ወንጌላውያን ቀኖች ቁጥር ነው። 7ቱ ሳምንቱን፣ 19ኙ ጨረቃን ይዘው ገብተዋል። 1,461ን 7 ስለማያካፍለው ነው እንቁጣጣሽ ወደ ቀኑና ወደ ወንጌላዊው እስኪመለስ 28 ዓመት የሚወስድበት፤ ያም 10,227 ቀን ሌላው አካፋይ ነው። 27,759 የሚባለው አካፋይ ደግሞ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሊቃውንቱ ማዕከላዊ ቀመር የሚሉት 76 ዓመት 27,759 ቀን ነው፤ ዐቢይ ቀመር የሚሉት 532 ዓመት ደግሞ 27,759 ሳምንት ነው። ምክንያቱም 532 የ76 ሰባት እጥፍ ነው። በትንሹ ዙር ቀን የነበረው በትልቁ ዙር ሳምንት ሆነ ማለት ነው።

194,313 በ19 መካፈሉን ያለ ማካፈል ለማወቅ የሚፈልግ የመጨረሻውን አኃዝ እጥፍ አድርጎ በቀረው ላይ ይጨምር፤ ይህንንም ይደጋግም። 19,431 ሲደመር 6፣ 19,437 ነው። 1,943 ሲደመር 14፣ 1,957 ነው። 195 ሲደመር 14፣ 209 ነው። 20 ሲደመር 18፣ 38 ነው፤ ይህም ሁለት ጊዜ 19 ነው። ነገሩ የሚሠራው 20 ከ19 በ1 ብቻ ስለሚበልጥ ነው።

ቁጥሩ ጎዶሎ ስለ ሆነ ከሁለት እኩል አይከፈልም። መካከለኛዋ ቀን 97,157ኛዋ ናት፤ ከፊቷም ከኋላዋም 97,156 ቀኖች አሉ። ይህች ቀን የትኛዋ ናት? በመጀመሪያዎቹ 266 ዓመታት ውስጥ 66 ሉቃስ አለ። 266 በ365 ተባዝቶ 66 ሲጨመርበት ልክ 97,156 ይሆናል። እንግዲህ የዙሩ መካከለኛ ቀን የ267ኛው ዓመት መስከረም 1 ናት። አሁን ያለንበት 15ኛው ዙር የጀመረው ማክሰኞ መስከረም 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ነው፤ ከአያቶቻችን ብዙዎቹ ያቺን ዕለት ሳያውቁ አልፈዋታል። መካከለኛዋ ቀን መስከረም 1 ቀን 2215 ትሆናለች። ዙሩ የሚፈጸመው በ2480 ጳጉሜን ነው። በዚያን ጊዜ ዓመተ ዓለሙ 7980 ይሆናል። ዮሴፍ ስካሊገር እ.ኤ.አ. በ1583 28፣ 19 እና 15ን አባዝቶ ለዘመናት ሁሉ መለኪያ እንዲሆን ያወጣው ዙር 7980 ዓመት ነው። የሥነ ፈለክ ሰዎች ቀኖችን አንድ ሁለት እያሉ የሚቆጥሩበት «የዩልዮስ ቀን» መነሻውን ያገኘው ከዚህ ዙር ነው። ቀኖቹም የእኛው 194,313 ዐሥራ አምስት እጥፍ፣ ማለት 2,914,695 ናቸው።

እስከዚህ ድረስ የመጀመሪያውን ወገን መለስን። ይህ ሒሳብ ነው፤ ያውም ጥሩ ሒሳብ። አሁን ደግሞ ለሁለተኛው ወገን የሚገባውን መልስ እንስጥ።

ፀሐይና ጨረቃ በሙሉ ቁጥር አይሄዱም። የፀሐይ ዓመት 365.2422 ቀን ያህል ነው እንጂ 365.25 አይደለም። 532 እውነተኛ የፀሐይ ዓመት 194,308.85 ቀን ነው፤ የእኛ ቁጥር በ4 ቀን ከጥቂት ሰዓት ይበልጠዋል። በዙሩ ውስጥ ያሉት 6,580 የጨረቃ ወራትም 194,311.27 ቀን ያህል ናቸው፤ በዚህም በኩል 1 ቀን ከ17 ሰዓት ተኩል ያህል ይተርፈናል። ስለዚህ «አንዲት ደቂቃ ስሕተት የለበትም» የሚለው ቃል ሊቆም አይችልም።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዐድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ያ ቀን በፈረንጆች እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ነበረ። ዛሬ ግን የካቲት 23ን ስናከብር በፈረንጆች ማርች 2 ነው። የእኛ ቀን አልተንቀሳቀሰም፤ የእነሱም አልተንቀሳቀሰም። እነሱ በ1582 ባደረጉት ማሻሻያ መሠረት በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ሲተዉ እኛ አልተውንም። እ.ኤ.አ. በ2100ም እንደ ገና ይተዋሉ፤ ከ2093 ዓ.ም. ጀምሮ መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ይህ የማንም ውርደት አይደለም። አንድ ቁጥር የሚከበረው ስሕተቱ ሲደበቅ ሳይሆን ስሕተቱም ራሱ ሲቆጠር ነው።

«ዓለም ሁሉ ከእኛ ተማረ» የሚለውም እንደዚሁ ይመርመር። የ19 ዓመቱን ዙር የአቴናው ሜቶን እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 አውጥቶታል፤ ባቢሎናውያንም ያውቁት ነበር። የባሕረ ሐሳብን ደንብ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ በ532 ዓመት ዙር ሠርቷል፤ በምዕራብም ቪክቶርዮስ እ.ኤ.አ. በ457 የ532 ዓመት ሰንጠረዥ አውጥቷል። ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ የእኛው አቆጣጠር ከእስክንድርያ ጋር ያለውን ዝምድና በዝርዝር አሳይቷል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በአማርኛ ስለ ባሕረ ሐሳብ ሰፊ መጽሐፍ ጽፈዋል። እንግዲህ ሒሳቡን የፈጠርነው ብቻችንን አይደለም። የእኛ ድርሻ ሌላ ነው፤ እርሱም ሌሎች ከሰንጠረዥ የሚያነቡትን እዚህ አገር የገበሬ ልጅ በቃሉ፣ በጣቱ እያሰላ እስከ ዛሬ ማቆየቱ ነው። ይህ ለመኩራት ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ አንርሳ። በዚህ ስብሰባ የተቀመጥነው የአንድ እምነት ወይም የአንድ ወገን ልጆች አይደለንም። ጨረቃ ከፀሐይ በ11 ቀን ስትጎድል ያየው አንድ ሕዝብ ብቻ አይደለም። ከእኛ በስተ ደቡብ በኦሞ ወንዝ አጠገብ የሚኖሩት ሙርሲዎች ጨረቃን ይቆጥራሉ፤ ነገር ግን የተወሰነ ቀመር የላቸውም። ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ረግልስ እ.ኤ.አ. በ1978 እንደ ጻፉት፣ አሁን ያለንበት ወር ስንተኛው ነው በሚለው ላይ ሰዎቹ ዘወትር ይከራከራሉ፤ የወንዙን ሙላትና የከዋክብትን መጥለቅ አይተውም ኋላ ላይ ይስማማሉ። የእነሱ ክርክር የእኛን 19 ዓመት ዙር ሥራ ይሠራል፤ ያችን የ11 ቀን ጉድለት ያቃናል። ቁጥር ያልጻፈ ሁሉ አልቆጠረም ማለት ስሕተት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ንግግራችንን እንፈጽማለን። የአያቲቱ ወረቀት ዛሬም 1950 እንዳለ ነው። የልጅ ልጃቸው ስሌቱን በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ ለማረም አመልክታለች፤ ሒሳብ ማስረጃ ተብሎ ይቀበሉት እንደ ሆነ ገና አልታወቀም። ወረቀቱን በፊት ለአያቷ አነበበችላቸው። እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «እንግዲህ አባቴ አልዋሸኝም» አሉ። ከዚህ የበለጠ የፈተና ውጤት እስካሁን አላገኘንም።

ስለዚህ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በሚመጣው ዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ሽማግሌዎቻችሁን «መቼ ተወለዱ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወንጌላዊውን ቢነግሯችሁ፣ ቀኑን ቢነግሯችሁ፣ አበቅቴውን ቢነግሯችሁ፣ በሌላም አቆጣጠር ቢሆን በጨረቃ፣ በዝናም፣ በአዝመራ ቢነግሯችሁ፣ ቃላቸውን እንዳለ ጻፉት፤ አትገምቱ። ጽፋችሁም አምጡልን። እኛም እርሳስ ይዘን እንጠብቃችኋለን።